ሻለቃው በሩን የቀረቀሩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ልጄ፣ ሜልተን በሚባል ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጥቶ፣ እራት ላይ ሳለን፣ የመኮንኖች ማሠልጠኛ እንደተቀበለው ነገረን። እናቱ እልል አለች። እኔ ግን ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩ። አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። ከብሔራዊ ውትድርና ጠፍቼ በሱዳን በኩል እዚህ አገር ከደረስኩ ብዙ አልቆየሁም፤ ከዳንደኖንግ ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ሥር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ የጠዋት ሺፍት እሠራ ነበር። ሽማግሌውን ሁላችንም «ሻለቃ» እንላቸዋለን፤ በእርጅና አንዳንዴ ዘመኑ ይምታታባቸዋል። ጢማቸውን ስላጫቸው የጦርነት ዘመናቸውን ያወጉኛል፤ በምክትል መቶ አለቅነት ድንበር መሻገራቸውን፣ ሩሲያ በረዶ ውስጥ ሻምበል መሆናቸውን፣ በብርድ የሞተ ፈረስ ሥጋ መብላታቸውን። ሻለቃ ወደሆኑበት ወራት ሲደርሱ ግን ዝም ይላሉ። ወታደር የነበረ ሰው እንዲህ ያለውን ዝምታ ያውቀዋል፤ አልጠየቅኋቸውም።

ጥር ነበር። የዚህ አገር ጥር እሳት ነው፤ የሰሜኑ ነፋስ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። ያን ቀን ጫካው ተያያዘ፤ ሰማዩ ቀላ፣ የባሕር ዛፍ ጭስ ቤቱን ሞላው። ኃላፊያችን አውቶቡሱን ልታስጠጋ ደጅ ወጣች። እኔ አቅም ያነሳቸውን አሮጊቶች መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ስሰበስብ፣ በሩ ከውጭ ተቀረቀረ።

በበሩ ትንሽ መስተዋት አየኋቸው። ሻለቃው ቀጥ ብለው ቆመዋል። በየጠዋቱ የምላጨው ፊት አልነበረም።

«ሻለቃ፣ ይክፈቱ እንጂ! እሳት እየመጣ ነው!»

«ማንም አይወጣም» አሉ። «ሴቶቹም ቢሆኑ።»

ከጦር ሰፈር ጥዬው የሸሸሁት ድምፅ ነበር፤ ቋንቋው ሌላ፣ ድምፁ ያው። በዚያ በዝምታ በሚያልፉት ወራት ሰው ተቆልፎበት የተቃጠለ ቤት እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ከኋላዬ አሮጊቶቹ ያስላሉ፤ መስኮቶቹ ሰው አያሳልፉም። እንዲህ ያለው ድምፅ ልመና እንደማይሰማ አውቅ ነበር። ተረከዜን ገጥሜ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠሁ።

«ሻለቃ! አዲስ ትእዛዝ መጥቷል። ሰዎቹ ይውጡ ተብሏል!»

«ከማን?»

«ከበላይ!»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ መቀርቀሪያው ተንቋቋ። አሮጊቶቹን እየደገፍኩ ሳወጣ ሻለቃው እጅጌዬን ያዙኝ።

«ያን ጊዜ» አሉ፣ «እንዲህ ያለ ትእዛዝ ያመጣልኝ አልነበረም።»

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረና እሳቱ ሳይደርስብን ቀረ። በማግስቱ ሻለቃው አንዳች ሳያስታውሱ አገጫቸውን ቀና አድርገው ጠበቁኝ። ምላጩን ይዤ ጉሮሯቸውን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ላጨኋቸው። እስኪሞቱ ድረስ ላጨኋቸው፤ ጨዋታችን ግን በዚያው ቀረ።

ይህን ሁሉ ለልጄ አወራሁለት። ሰው እንደው አንድ ቀን ተነስቶ በር አይቀረቅርም፤ ማዕረግ በማዕረግ እየደረበ ነው እዚያ የሚደርሰው። ልጄ ሳቀ።

«አባዬ፣ እኔ እኮ እንደ ሰውዬው አይደለሁም» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«እሳቸውም በአንተ ዕድሜ እንደዚያ አልነበሩም» አልኩት።

ሳቁን አቆመ።