ፀሐይ እንዳይመታው

እናቴ ከድሬዳዋ በባቡር መጥታ ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ስትወርድ፣ ከሻንጣዋ አስቀድማ ያስረከበችኝ ወቀሳ ነበር። «ይሄ አገር ነው ወይስ ምድጃ?» አለችኝ። ገና ሚያዝያ ነው። ዋናው ሙቀት ገና አልመጣም ብላት ተመልሳ ባቡሩ ላይ ልትወጣብኝ ስለምትችል፣ ሻንጣውን ተቀብዬ ወደ መውጫው መራኋት።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ድሬ ላይ ብቻዋን ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። እኔም የጨርቅ ነገር ከእሷ ወርሼ፣ እዚህ ጅቡቲ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ ሱቅ አለኝ። የእሷን ሱቅ አከራይተን ሳመጣት፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ትልቁን ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ላሳርፋት።

ባለቤቴም በዚህ ታግዘኛለች። የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆነች አማት ማክበር ታውቅበታለች። እናቴ ብርጭቆ ልታነሳ ስትል፣ «እማማ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ!» ብላ ትቀማታለች። መጥረጊያ ስታነሳም ትቀማታለች። ሽንኩርት ልክተፍ ብትል ቢላዋው ይደበቃል። የድሬ ሰው ደግሞ አንቱታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ከንቲባውንም አንተ ነው የሚለው። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ስትባል ሌላ ሰው የገባ እየመሰላት ወደ በሩ ትዞር ነበር። ጠዋት እኛ ወደየሥራችን ስንወጣ ሶፋው ላይ እናስቀምጣታለን፤ ስንመለስ እዚያው ሶፋ ላይ እናገኛታለን። ደስ ይለን ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላት እንቅልፍ እምቢ አላት። «ሙቀቱ ነው» አለች። አየር ማቀዝቀዣውን ከፈትንላት፤ አጥንቴን ፈለጠኝ አለች። ዘጋንላት፤ ታፈንኩ አለች። እንደ ሰፈሩ ሰው ጣሪያው ላይ አነጠፍንላት፤ የጎረቤት ማንኮራፋት ስሰማ ነጋ አለች። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ሻንጣዋ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ እሷም ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን አድርጋለች።

«ናጋድ አድርሰኝ።»

ደነገጥኩ። ድሬ ላይ ማን አላት? ደረጃ ላይ ቢያዳልጣት የሚያነሳት የለም። ይህን ፊት ለፊት ብነግራት «የወደቅኩት መቼ ነው?» ብላ እንደምትዘጋኝ ስለማውቅ ሌላ መላ አመጣሁ።

«አርታ ተራራ ላይ አንድ ሌሊት እደሪልኝ» አልኳት። «እዚያ ቀዝቃዛ ነው። እዚያም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ በአላህ እምልልሻለሁ፣ እኔ ራሴ ናጋድ አደርስሻለሁ።»

«አርታ ቤት አለህ?»

«ይኖረኛል።»

አፌ ቀድሞኝ ነው። በሙቀቱ ወራት አርታ ላይ ቤት የሚከራየው የከተማው ሀብታም ሁሉ ነው፤ ለእኔ የሚተርፍ የለም። ግን አሳል ሐይቅ የሚወርዱ ፈረንጆች መኪና ውስጥ አልጋ ዘርግተው፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ደቅነው፣ ማራገቢያቸውን እያስነፈሱ ሲተኙ አይቼ ነበር። ፈረንጅ የቻለውን የድሬ ልጅ ያቅተዋል እንዴ? ያገለገለ የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ገዛሁ።

መኪናው ጥሩ ነበር፤ ክፋቱ ጎኑ ላይ የተሳለው ረጅም ዳቦ ነው። ሁለት ጊዜ ቀለም ብናለብሰው ሁለቱንም ጊዜ ከሥር ብቅ አለ። መንገድ ላይ በቆምኩ ቁጥር ሰው መስኮቴን ያንኳኳል። አንዷ ሴትዮ ዳቦ የለም ብላት አላመነችኝም፤ ለማን እንደደበቅኩት ጠየቀችኝ።

ሶላሩን የገጠመልኝ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ነው። በድሮው ባቡር ሲመላለስ አማርኛ የለመደ ሶማሌ ነው፤ የሚሠራው ግን ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ቀትር ላይ ጫት ከተማ ገባ ሲባል፣ ቡሎን ግማሽ ጠብቆም ቢሆን መፍቻውን ጥሎ ይሄዳል። ጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ ሶላር አሰረ፣ ባትሪውን አልጋው ሥር አስቀመጠ፣ በመካከላቸው መብራት ያላት ትንሽ ሳጥን ሰቀለ። ባትሪው ሲጠግብ አረንጓዴ፣ ሲራብ ቀይ ትበራለች። ማራገቢያና ትንሽ ማቀዝቀዣም ቀጠለበት።

«ፓ ደ ፕሮብሌም!» አለኝ እጁን እያራገፈ። «የጅቡቲ ፀሐይ እያለ ምን ችግር አለ፣ ወላሎ?» ወንድሜ ማለቱ ነው።

መኪናውን ከቤታችን ጀርባ፣ ከዝቅተኛው በረንዳ ሥር ግድግዳውን አስጠግቼ አቆምኩት። እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ስታይ ነበር።

«ይሄ ጥቁር ነገር ምንድነው?»

«አንቺን የሚያቀዘቅዝ ነው» አልኳት። ከዚያ በላይ አላብራራሁም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በላይ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ማታ ማራገቢያውን ልሞክር ገባሁ። ሦስት ጊዜ ተሽከረከረና ቆመ። መብራቷ ቀይ ናት።

ኤሌክትሪሺያኑ ጠዋት መጣ። ሶላሩን ለካው፤ ይሠራል። ሽቦውን ለካው፤ ይሠራል። «እንግዲያው ባትሪው ታሟል» ብሎ በሌላ ባትሪ አስቀየረኝ። ማታ ቀይ። በሦስተኛው ቀን ሽቦው ቀጥኗል ብሎ ወፍራም ሽቦ አስገዛኝ። ማታ ቀይ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ በሳምንቱ አንድ ሶላር አይበቃም አለና ሁለተኛ ሶላር ጨመረልኝ። ማታ፣ በሁለት ሶላር፣ ቀይ። ያን ቀን መኪናዋን በእግሬ መታኋት፤ የታመመው ግን አውራ ጣቴ ነው።

«ፀሐዩ በዝቶበት ይሆናል» አለኝ ኤሌክትሪሺያኑ በመጨረሻ። «የቻይና ዕቃ ነው፤ እንዲህ ያለ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ይደነግጣል።»

የሚደነግጥ ሶላር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኝ ነበር፤ እናቴ ያን ሰሞን ናጋድን አላነሳችም። ፊቷ ሁሉ ወዛ ብሏል፤ እራት ላይ ትቀልዳለች። በመኪናዋ ተስፋ አድርጋ መሰለኝ። መኪናዋ ደግሞ ማራገቢያ እንኳ አታዞርም።

ቀትር ላይ ሱቅ እንዘጋለን፤ ምሳ በልተን እስከ ዐስር ሰዓት እንተኛለን። በዚያ ሰዓት ውጭ የሚወጣ ሰው ቀርቶ ውሻም የለም። አንድ ቀን ግን ንዴቱ አላስተኛኝም። ተነሳሁና ሽርጤን ታጥቄ በጀርባ በር ወጣሁ። አስፋልቱ ነጠላ ጫማዬን ይጎትታል። መኪናው ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁ፤ ሶላሮቹ የሉም። ተሰረቅኩ ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ አንድ ሳፋ ውሃ ከላይ መጥቶ ተቀበለኝ።

«ውይ ልጄን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ውሃውን ከዓይኔ ጠርጌ ደግሜ ሳይ ሶላሮቹ ቦታቸው ናቸው። ሁለቱም ነጭ አቡጀዲ ለብሰዋል። አለባበሳቸውም የዋዛ አይደለም፤ በልክ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተቀምቅሞ፣ አራቱ ማዕዘን ላይ ማሰሪያ ተሰፍቶለታል። እናቴ በረንዳው ላይ ባዶ ሳፋ ይዛ ቆማለች። አጠገቧ የመጥረጊያ እንጨት አለ፤ ጨርቁን የምታለብሰውና የምታወልቀው በእሱ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፀሐይ እንዳይመታው ነዋ» አለች፤ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን እያየችኝ። «ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሰህበት እንደ በርበሬ አስጥተኸው ትሄዳለህ? ያቀዘቅዛል አላልከኝም? የሚያቀዘቅዝ ነገር ፀሐይ ላይ ይውላል? ጠዋት እናንተ ስትወጡ፣ ሠራተኛህ ካለም እሱ ሲሄድ አለብሰዋለሁ፤ ሲደርቅ አርሰዋለሁ፤ ዐስር ላይ በረድ ሲል አወልቅለታለሁ። መጀመሪያ በአንሶላ ሞከርኩ፤ አንሶላ ሳስቶ ፀሐይ ያሳልፋል። አቡጀዲ ነው የሚያዋጣው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለሥራ ምስክር ይጠራል?»

እኔ ከእግር እስከ ራሴ እየተንጠባጠብኩ፣ ሶላር ማለት ፀሐይ የሚበላ ነገር መሆኑን፣ ያለ ፀሐይ እንደሚራብ፣ እሷም ሳምንታት ሙሉ በአቡጀዲ አፉን አፍና እንዳስራበችው አስረዳኋት። ሰምታኝ ወደ ሶላሮቹ ተመለከተች።

«ሁለተኛው ሲመጣ እኮ» አለች፣ «ልጄ ሀብታም ሆነ ብዬ ሌሊቱን ሰፋሁለት።»

ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ጨርቆቹን ሰብስባ፣ ማዕዘን ለማዕዘን ገጥማ አጥፋ ወደ ውስጥ ገባች። ባለቤቴም ጫጫታውን ሰምታ ነቅታ ነበርና፣ «እማማ፣ በዚህ ፀሐይ እርስዎን ማን ውጡ አለዎት? ከእንግዲህ አረፍ ይበሉ» ብላ ሳፋውን ተቀበለቻት። ኤሌክትሪሺያኑ ታሪኩን ሲሰማ ደግሞ «አላልኩህም? የፀሐይ ችግር ነው ብዬህ ነበር» ብሎ የምርመራ ሒሳብ ጠየቀኝ።

በማግስቱ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች። ማራገቢያው የመስኮቱን መጋረጃ እስኪያነሳ ነፈሰ። እናቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኗ ሥር እንደገና ጠቆረ፤ ሻንጣዋም ተመልሶ በሩ አጠገብ ቆመ። ቶሎ አርታ ካላደረስኳት እንደማጣት ገባኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወጣን። ከዶራሌ ወደብ የሚወጡት የጭነት መኪኖች መንገዱን ሞልተውታል፤ በእግር የሚሄድ ሰው ይቀድመናል። አንድ የእኛ አገር ሾፌር ከጎናችን ተስተካከለና በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ዳቦው ትኩስ ነው?»

አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «አልቋል!» አለችው ጮክ ብላ። «ነገ በጠዋት ና፣ ላንተ አስቀምጥልሃለሁ!»

«ስንት ነው እማዬ?»

«ለአገሬ ልጅ እቀንሳለሁ!»

«ምን ነካሽ?» አልኳት ሾፌሩ እየሳቀ ሲያልፈን። «ደንበኛ የለም ተብሎ አይመለስም» አለችኝ። እስከ አርታ ድረስ ዳቦውን በስንት ብንሸጠው እንደሚያዋጣን ስታሰላ ሄደች። የሌለውን ዳቦ ነው።

አርታ ያልኩት አልቀረም፤ ነፋሱ ገና ሲቀበለን ሸሚዜን አደረቀው። አልጋዋን አነጠፍኩላት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ከማቀዝቀዣው ቀዳሁላት፣ ማራገቢያውን ወደ እግሯ አዞርኩላት። እኔ ከፊት ወንበር ላይ ኩርምት ብዬ፣ አረንጓዴዋን መብራት እያየሁ ተኛሁ። እንዲያ ያለ እንቅልፍ ከልጅነቴ ወዲህ አልተኛሁም።

ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። ማራገቢያው ይዞራል። መብራቷ አረንጓዴ ናት። በኩራት ወደ ኋላ ስዞር አልጋው ባዶ ነው፤ ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ እግርጌ ተቀምጧል። እናቴ ውጭ መሰገጃዋ ላይ ተቀምጣ ታች የሚታየውን ባሕር ታያለች።

«ተኛሽ?»

«አልተኛሁም።»

 ቃሌ ቃል ነው፤ ናጋድ ሊሆን ነው።

«በረደሽ?»

«አልበረደኝም።»

«ማራገቢያው ጮኸብሽ?»

«እሱ ጎበዝ ነው፤ እንዳትነካካው» አለች። «ያንተ ነገር መቼ ከፋ? ቤትህም ጥሩ ነው፤ ሚስትህም ወርቅ ናት።»

«ታዲያ የመቼውን እንቅልፍ ነው የምትጠብቂው? አንድ ሌሊት እንኳ አልተኛሽም?»

«ጨርቁን ሳለብስለት የነበረ ጊዜ እተኛ ነበር» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ስወጣ ስወርድ፣ ሳረጥብ፣ ስሰበስብ እውላለሁ፤ ማታ ጎኔ ፍራሽ ሳይነካ ነው የምተኛው። እሱንም ተይ አላችሁኝ። ጠዋት አረፍ በይ፤ ማታ አረፍ በይ። ልጄ፣ ከምን ልረፍ? ምን ሠርቼ?»

 ያን ሰሞን ሙሉ ባትሪ ሳስለካ፣ ሽቦ ሳስቀይር ነበር፤ ፊቷ ሲወዛ አይቻለሁ፣ ለምን እንደወዛ ግን አልጠየቅኩም። አፈርኩ፤ አፈርኩ ብዬም ነገርኳት። ትከሻዬን ቸብ አደረገችኝ።

«ሱቅ ትመጫለሽ?» አልኳት።

ወደ እኔ ዞረች። «በስንት ሰዓት ነው የምትከፍተው?»

«ሁለት ተኩል አካባቢ።»

«ሁለት ተኩል!» ከመሰገጃዋ ተነሳች። «ገዢ ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነዋ! ፊት ለፊት የሰቀልከውስ ምንድነው?»

«የወንድ ሸሚዝ ጨርቅ።»

«የወንድ!» አለች፤ ራሷን ይዛ። «ጨርቅ የሚገዛው ወንድ ነው? ተነስ፣ እንውረድ።»

«ዛሬ እኮ ጁምዓ ነው፣ እማዬ።»

«እስከ ሰላት ስንት ሰው ይገዛል።»

መሰገጃዋን አራግፋ አጠፈች፣ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች፣ የመኪናውን በር ራሷ ከፈተች። እኔ ግን ቁርጡን ሳልሰማ መንገድ መጀመር ፈራሁ።

«ናጋድስ?» አልኳት።

«ናጋድ ምን አለኝ?» አለችና እጇን ዘረጋች። «የሱቁን ቁልፍ ወዲህ በል።»