ለሁለት ቬንትሌተር የተነሡ እጆች

በእኛ ሐይቅ ላይ የነፋስ እጥረት ኖሮ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ከአምባሰል በኩል የሚወርደው ነፋስ የሰው ባርኔጣ ይነጥቃል። እዚያ ሐይቅ ላይ በምትሄድ ጀልባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር እንድገጥም ታዝዤ ገጥሜያለሁ። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ብዙ ነገር ገጥመናል። ይኼኛው ግን ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጀልባዋ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ንብረት ነበረች። ቀፎዋ ብረት፣ ሞተሯ በእጅ በሚዞር ማኒቬላ የሚነሣ ናፍጣ ሲሆን መሀሏ ላይ ስድስት ሰው የምታስቀምጥ የቆርቆሮ ክፍል ነበረቻት። ዓሣ ታመላልሳለች፤ በገበያ ቀን የማዶን ሰው ከነዶሮው ታሻግራለች። እኔ ከተማው ውስጥ ሬዲዮና የወፍጮ ሞተር የምጠግን ሰው ስለነበርኩ ሽቦዋን የምነካካው እኔ ነበርኩ። ሽቦ ከተባለ ነው እንግዲህ። ከአንድ የመኪና ባትሪ ተነሥቶ በአንድ ፊውዝ የሚያልፍ ቀጭን ነገር ነበር። አንድ አምፖል፣ አንድ ጡሩምባና ከታች ሰርጎ የሚገባውን ውሃ የምትመጥ ትንሽ ፓምፕ በእሱ ይሠራሉ። ጀልባዋ አሮጌ ስለሆነች ውሃ ታስገባለች፤ ፓምፗ ከቆመች በጣሳ መቅዳት ነው።

የሚነዷት ሰው ሐይቁ ዳር ተወልደው እዚያው ሽበት ያወጡ፣ አምስት ወቅት ሰላታቸውን የማይለቁ አዛውንት ነበሩ። እኔ "አያ" እላቸዋለሁ። ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው፤ የእሳቸው ቤት ኢድ ለእኛ ቤት ፋሲካ ነበር።

አንድ ቀን የማኅበሩ ሊቀመንበር ሁለት ቬንትሌተር በጆንያ ይዞ ሱቄ መጣ። ከቆመ አውቶብስ ላይ የተነቀሉ፣ ሹፌሩን የሚያናፍሱት ዓይነት ናቸው። ከበላይ አንድ ትልቅ ጓድ ሊጎበኘን ነው፣ ሐይቁን በጀልባ ይዞራል አለኝ።

"ያቺ ክፍል ምድጃ ናት። እንግዳው እንዳይሞቀው" አለ።

"መስኮቱን ክፈቱለት።"

"ጠባቂዎቹ መስኮት ዝግ ይሁን ብለዋል።"

ነፋስ ውጭ እየተንጎማለለ ነፋስ በጆንያ መጣልን። ወደ ጀልባዋ ወርጄ ሽቦውን በጣቶቼ መሀል አሸሁት። አያ አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኛል።

"ይኼ ሁለት ቬንትሌተር አይችልም" አልኳቸው። "ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ ፓምፗንም ይዟት ይሞታል። ከባትሪው ቀጥታ የሚመጣ ሌላ ወፍራም ሽቦ ያስፈልጋል፣ የራሱ ፊውዝ ያለው።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ" አልኩ። እኛ አገር ወላሂ ለማለት እስላም መሆን አያስፈልግም።

"እንግዲያ በስብሰባው ላይ እንናገራለን" አሉ።

"እንናገራለን" አልኩ።

ወፍራም ሽቦ ግምጃ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ከደሴ ለማስመጣት ደብዳቤ ጽፎ መጠበቅ ነበረ፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ደብዳቤ ከመጻፍ ስብሰባ መጥራት ይቀለዋል። ያን ጊዜ ነገር ሁሉ በስብሰባ ይወሰናል። ዝናብ ባይዘንብም እንሰበሰባለን። እናም "በነባሩ ሽቦ ስለመገልገል" የሚል አጀንዳ ተያዘ፤ መፈክሩ ተባለ፤ ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ነባሩ ሽቦ በቂ ነው፣ በቂ አይደለም ማለት ያለንን መናቅ ነው አለ።

አያ እጃቸውን አወጡ። "ሽቦው አይችልም። ይነድዳል። ያን ጊዜ እኛ ውሃ መሀል ነን" አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ጠበቁ። አዳራሹም አብሮ ዞረ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። በዚያ ሰሞን ከሰፈሬ የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ፤ ሚስቴም እርጉዝ ነበረች። ይኼን ሁሉ ምክንያት ደርድሬ ብዙ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ አንዱም አላሳረፈኝም።

"ሽቦው ይችላል የምትሉ?" አለ ሊቀመንበሩ። እጅ ሁሉ ወጣ። የእኔም ወጣች።

"ተቃውሞ?" አንድ እጅ።

ሽቦው በአንድ ተቃውሞ ይችላል ተብሎ ጸደቀ።

ቬንትሌተሮቹን ከአምፖሉ መስመር ላይ ቀጠልኳቸው። ዳር ላይ ስንሞክር ፊውዙ ተቃጠለ። ሌላ ከተትኩ፤ እሱም ተቃጠለ። ሊቀመንበሩ ከኪሱ ሲጋራ አውጥቶ የፓኮውን ብርማ ወረቀት ቀድዶ አቀበለኝ። ይኼን ዘዴ በደሴ መንገድ የማያውቅ ሹፌር የለም። ፊውዝ የሚሞተው ሌላው እንዲተርፍ ነው፤ በብርማ ወረቀት ከጠቀለሉት አይሞትም፣ የሚሞተው ሌላው ነው። ይኼን እያወቅኩ በገዛ እጄ ጠቀለልኩት። ቬንትሌተሮቹ ዞሩ። ሊቀመንበሩ ፊቱን አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

እንግዳው የመጣ ዕለት እኔም ለጥንቃቄ ተብሎ ተሳፈርኩ። ሐይቁ መሀል ስንደርስ መጀመሪያ የፕላስቲክ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ከጣሪያው ስር ጭስ ተንቆለቆለ፣ ቬንትሌተሮቹ እያዘገሙ ቆሙ፣ ፓምፗም ጸጥ አለች። እንግዳው እየሳለ በሩን በርግዶ ወጣ። ሞተሩ ባትሪ ስለማይፈልግ አያ ሳይደነግጡ አፍንጫዋን ወደ ዳር አዞሩ፤ እኔና አንዱ ጠባቂ በጣሳ ውሃ እየቀዳን ደረስን። ማንም አልተጎዳም። በዚያ ቀን የጠፋው ጥቂት ሜትር ሽቦና የእንግዳው ጫማ ነው፤ ጥሩ ቆዳ ነበር፣ ውሃ ገባበት።

ሰው ሁሉ ጫማውን ሲከብ እኔ የፊውዙን ሳጥን ከፍቼ ብርማውን ወረቀት ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።

እዚያው ዳር ላይ "አሻጥር" የሚል ቃል ተሰማ። ከማን እንደወጣ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ያ ቃል አፍ አያጣም ነበር። ቃለ ጉባኤው መጣ፣ ተነበበ፣ የተቃወመው አንድ ሰው ተገኘ። ሽቦው እንደሚነድድ አስቀድሞ እንዴት ሊያውቅ ቻለ? ካላዘጋጀው በቀር?

እኔም እንደ ባለሙያ ተጠየቅኩ። "ሽቦው ይችል ነበር ወይስ አይችልም?"

"ጉባኤው ይችላል ብሎ ወስኗል" አልኩ።

አያን ደሴ ወሰዷቸው። ሲወስዷቸው አላዩኝም፤ ወይም እኔ እንዳያዩኝ ቆምኩ። ጀልባዋ ዳር ላይ ተጎትታ ዛገች፤ የማዶ ሰው እንደ ድሮው ሐይቁን በእግሩ መዞር ጀመረ። እናቴ "ዝም አይነቅዝም" ትል ነበር። የእኔ ዝምታ ነቅዟል፤ ሌሊት ሌሊት ሽታው ይመጣብኝ ነበር።

ከአሥራ አንድ ወር በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ትንሽ ሬዲዮ በብብታቸው ይዘዋል። ብድግ ስል ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። በግራ እጅ ሰላምታ እኛ ዘንድ ንቀት ነው፤ እሳቸው ደግሞ በግራቸው ውሃ እንኳ የማያቀብሉ ሰው ነበሩ። ይገባኛል ብዬ ጨበጥኩት።

"አያ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ደሴ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር" አሉ፣ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ እያኖሩ። "አንተ መሀይም ነህ፣ ስለ ሽቦ ማን ነገረህ? ሌላ ጥያቄ የላቸውም። ማን ነገረህ።"

"ምን አሏቸው?"

"ማንም አልነገረኝም፣ በእጄ ነክቼ ሲግል አወቅሁ አልኳቸው።" ሬዲዮውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "በየትኛው እጅህ አሉኝ።"

ቀኝ እጃቸውን ከኮታቸው እጅጌ አወጡልኝ። አራቱ ጣቶች ተጣብቀው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ አይዘረጉም።

ሬዲዮውን ፈታሁት። ባትሪው አልቆ ነው እንጂ ምንም አልሆነም። አዲስ ባትሪ ከተትኩለት፣ ዘፈን አወጣ፣ በብብታቸው አድርገው ወደ ገበያው ገቡ። ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።

ያቺ በስብሰባው የወጣች እጄ እስከ ዛሬ ደህና ናት። እሠራባታለሁ፣ እጎርስባታለሁ።