ጽዋዋ የገባችበት ቤት

እናቴ ስታርፍ ሁለት ነገር አወረሰችኝ፤ ቁጡነቷንና በሚካኤል ማኅበር ውስጥ የነበራትን ቦታ። ቁጡነቱን ሳትሞትም ሰጥታኝ ነበር።

ማኅበራችን በየወሩ በአሥራ ሁለት ከአባል ቤት ወደ አባል ቤት ይዞራል። ደጋሹ ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ይጠምቃል። ጸሎቱ ሲያበቃ ቄሱ ጽዋዋን ያነሣሉ፤ የሚቀጥለው ወር ተረኛም ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበልና ወደ ቤቱ ይወስዳታል። ጽዋችን በነጭ ጨርቅ የምትሸፈን ትንሽ ጥቁር ሸክላ ናት። ከእጀታዋ ሥር ጎድጎድ ያለች ምልክት አለቻት፤ ልጅ ሳለሁ ጣቴን እከትባት ነበር። የገዛቻት እናቴ ናት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሰው ሰብሰብ ብሎ ከተቀመጠ ቀበሌ ማወቅ ነበረበት። አባሎቻችን ፈርተው አንድ ሁለት እያሉ ቀሩ። አንዷ እንግዳ መጣብኝ አለች፤ ከሩቅ ሰፈር የሚመጣው ጡረተኛ ወገቤን አመመኝ ብሎ ላከ። ያ ወገብ ታዲያ በአሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነበር የሚታመመው።

የእኔ ተራ ሲደርስ ከቄሱ ሌላ የመጡት ስድስት ብቻ ነበሩ። ዳቦው ከመቆረሱ በፊት በሩ ተንኳኳ። ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ ጥበቃ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። የሚባለውን ሰምተህ ና ተብዬ ነው የመጣሁት አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ተናደድኩ። ወይ ግባ ወይ በሩን ዝጋ፣ ነፋስ እያስገባህ ነው አልኩት። ገባ። ዳቦም ጠላም ሰጠሁት፤ ከማኅበር ቤት ማንም ሳይቀምስ አይወጣም። በጸሎቱ ጊዜ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

ጸሎቱ አልቆ ተቀመጥን። ቄሱ ጽዋዋን አንሥተው ተረኛው ማን ነው ብለው ጠየቁ። ተረኛው ባለ ወገቡ ነበር፤ የለም። የተቀሩት አንገታቸውን ደፉ። ደጋሹ ራሱ መልሶ አይቀበልም፤ ተቀባይ ያጣች ጽዋ ለቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች፤ ማኅበሩም ይፈርሳል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያገለገለችው ማኅበር እኔ ቤት፣ በእኔ ተራ ሊፈርስ ነው። እንባዬ መጣ፤ ከኀዘኑ ይልቅ ንዴቱ ባሰብኝ።

በቤቱ ውስጥ ቆሞ የቀረው ሊወጣ የተዘጋጀው ጥበቃ ብቻ ነበር። ቄሱ ዓይናቸው ሞራ አለበት። ዳበስ ዳበስ እያሉ ሄደው ጽዋዋን እጁ ላይ አኖሯት። ጠመንጃው ከትከሻው ወደ ክንዱ ተንሸራተተ፤ እሱ ግን ጽዋዋን አልለቀቀም።

«አባ፣ እኔ እኮ ለሥራ ነው የመጣሁት» አለ።

«እኛስ ለምን የመጣን መሰለህ ልጄ? በል፣ ለወሩ በሰላም ያድርስህ።»

አንዷ ሴትዮ ለምዶባት እልል አለች። በቃ፣ አለቀ። ደረቱ ላይ አቅፏት ወጣ።

እሱ ሲሄድ ደስ ሊለን ሲገባ ተያየን። አንደኛዋ ቀስ ብላ፣ እነሱ ቤት ልንሄድ ነው እንዴ አለች። የሸክላ ሠሪዎቹን ድስትና ማሰሮ እንገዛለን፤ ቤታቸው ገብተን ግን እህል ቀምሰን አናውቅም። ዓይናቸው ሰው ይበላል ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ ወደ ኋላ ብሏል። ያፈርኩት ቆይቼ ነው፤ እሱ ከነጠመንጃው የእኔን ዳቦ ሲበላ አላመነታም።

ቄሱን ስተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ዓይኔን ጋርዶታል አሉኝ። በሳምንቱ ግን ነጠላዬን ገልብጬ መልበሴን ከደጀ ሰላሙ ሆነው ነገሩኝ።

ወሩን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞርኩ የቀሩትን ስቆጣ ከረምኩ። አፌ ክፉ ነው፤ ያን ወር ግን ለጽድቅ ዋለ። ቀኑ ሲደርስ አሥር ሆነን ቀጨኔ ቁልቁል ወረድን፤ ባለ ወገቡም ከኋላ እያነከሰ መጣ። ጥበቃው ልጅ የቀበሌውን ፈቃድ ራሱ አስጽፎ በር ላይ ጠበቀን።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ ገና በእሳት ያልተተኮሱ ማሰሮዎች ጥግ ተደርድረዋል። እናቱ በገዛ ቤታቸው መቃኑን ተደግፈው ቆመዋል። ቄሱ ባርከው ዳቦውን ቆረሱ። የማንም እጅ ቶሎ አልተዘረጋም። እኔ አንሥቼ ጎረስኩ። ድፍረት መሰላቸው እንጂ እልህ ነበር። ዳቦው ግን ከእኔ ዳቦ ይጥማል፤ ሌሎቹም እጃቸውን ዘረጉ።

«እማማ፣ ለምን አይቀመጡም?» አልኳቸው።

እሳቸው ግን ወደ ጽዋዋ ሄዱና ጨርቁን ገለጥ አድርገው አውራ ጣታቸውን ከእጀታዋ ሥር ካለችው ምልክት ላይ አሳረፉ። ልክክ አለ።

«እናትሽ ናት ያሠራችኝ» አሉ። «ለጽዋ ነው ስትለኝ ከሌላው ዕቃ ለይቼ ለብቻዋ ተኮስኳት። ስትዞር ስትዞር አንድ ቀን እኔም ቤት ትገባ ይሆናል እል ነበር።»

እናቴ ይህን ነግራኝ አታውቅም። እወዳታለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ስለ እሷ አፈርኩ። ከመደቡ ላይ ጠጋ አልኩላቸውና አጠገቤ ተቀመጡ።

ጸሎቱ አልቆ ተረኛው ማን ነው ሲባል ሦስት ሰው ተነሣ። ቄሱ ጽዋዋን አላነሡም፤ ለእናትየው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። እሳቸውም ተነሥተው፣ በሠራት እጃቸው፣ ለባለ ወገቡ አቀበሉት።