የእማዬ አዲሱ አማች

ዛሬ እናቴ ለገዛ ባሌ ዳረችኝ!

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የእሱን ሽማግሌዎች ከበር መልሳ፣ እኔንም አኩርፋ የኖረች ሴት ናት። አልዛይመር የሚሉት የመርሳት በሽታ ሲይዛት ነው ከምትኖርበት ከቡሹሎ ወደ ቤቴ ያመጣኋት።

ምሳ ላይ ባሌ የዓሣውን እሾህ እየለቀመ ሲያጎርሳት አፍጥጣ አየችው።

«አንተ ልጅ፣ አግብተሃል?»

«አላገባሁም፣ እማማ» አይል መሰላችሁ፣ ጉደኛው!

«ሴት ልጅ አለችኝ። ምላሷ ትንሽ ረዘም ይላል እንጂ ባለሙያ ናት። ሽማግሌ ላክ።»

እሱም ጎረቤታችንን ጋሽ ማቴዎስን ጋቢ አስለብሶ ይዟቸው መጣ። እማዬ ፈቀደች፤ ቆማ መረቀችን። ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ምርቃት ነውና እንባዬ መጣ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ያንን የድሮውን እምቢ ያልኩሽ ለዚህ ነበር። አየሽ፣ የተሻለ መጣልሽ!» አለችኝ።

«የድሮው» ጓዳ ገብቶ በሳቅ ፈነዳ።

እናንተስ ቤት እንዲህ ዘግይቶ የመጣ እሺታ አለ? እስኪ አውጉኝ።