እናቴ በዓይኗ አሳልፋ የሰጠችኝ ቀን

ጎረቤቴ ሰሞኑን ቤቱን ጭቃ ያስመርጋል። ጭድ የገባበት እርጥብ ጭቃ በመስኮት ሲሸተኝ፣ ጎንደር መሆኔን እረሳና ማክሰኝት አጠገብ ባለችው ቤታችን፣ ከጭቃው የእህል ጎታ ጀርባ ተሸጉጬ ራሴን አገኘዋለሁ።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአባቴ እህት ሥራ የሚያግዛት ልጅ ፈልጋ፣ ልትወስደኝ ከጎንደር መጣች። እኔ መሄድ አልፈለግሁም። "አልሰጥሽም፣ ግቢ" ብላ እዚያ የደበቀችኝ እናቴ ራሷ ነበረች።

"ምነው ልጅቱ አትታይ?" አለች አክስቴ።

"ውሃ ወርዳለች፣ እትዬ" አለች እናቴ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር። ድንገት ማጅራቴን ሞቅ አለኝና ሰው እንደሚያየኝ ታወቀኝ። ዞር ብል እናቴ በጎታውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት በኩል ዓይኗን ተክላብኛለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ አልነቀለችም። አክስቴ አስተያየቷን ተከትላ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

"ዓይንሽስ መዋሸት አያውቅም" አለቻት እየሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። የአክስቴ አባባል ያኔ በቅጡ አልገባኝም።

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ "ሆን ብለሽ ነው ያየሽኝ?" አልኳት።

"የዚያን ዓመት ዝናቡ ቀረ፣ ልጄ" አለችኝ። "እምቢ እንዳልላት ቸገረኝ፤ እሺ እንዳልላት አንቺን ፈራሁ።"

ችግሩስ ይገባኛል። ግን አምኛት ከተደበቅሁበት በዓይኗ ከምትሰጠኝ፣ በአፏ "ሂጂ" ብትለኝ በገዛ እግሬ እሄድላት ነበር።