የግራው ሳጥን

አሮጌዋን የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክሌን ስገዛ በግራ ጎኗ የሚታሰረው የዕቃ ሳጥኗ አልነበረም። ብዙ ፈልጌ አጣሁት። በመጨረሻ ምናለሽ ተራ ውስጥ፣ ጣሳ ሻጯ እትዬ ዘይነባ ተቀምጠውበት አየሁ።

«እትዬ፣ ሳጥኑን ይሸጡልኛል?»

«ወንበሬን? እኔስ ምን ላይ ልቀመጥ? ደግሞ ቁልፍ የለውም።»

በእነዚህ ሞተሮች የእያንዳንዷ ማስነሻና ሳጥን ቁልፍ አንድ ነው። እትዬን ከተቀመጡበት አስነስቼ የሞተሬን ቁልፍ ብሞክር ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ውስጡ የቆዳ ጓንት ነበር።

እትዬ ዳር ወደቆመችው ሞተሬ ዞሩ።

«ቀይ ነበረች እኮ። ማነው ጥቁር የቀባት?»

ጓንቱን አጠለቁት፤ ልክክ አለ።

«ሳጥኑን ውሰደው። እስከ ሲኒማ ራስ ግን የምነዳው እኔ ነኝ።»

ሞተሬ ምን እንደምትችል ያየሁት ያን ቀን፣ ከኋላቸው ተቀምጬ ነው።