በጎልፍ ጋሪ ወደ ማርያም

ከዘንዘልማ የተነሣነው በጥቅምት ማርያም ማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ነው። አሳፍሬ የምሄደው የባለቤቴን አባት መሪጌታን ነበር። ጣና ዳር ባለች አንዲት ማርያም ሲያገለግሉ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ወገባቸው ከታመመ ወዲህ ግን እኛ ዘንድ ተቀምጠው ደወሏን ሳይሰሙ ከረሙ። ባጃጅ ሞክረን ነበር፤ ጎንበስ ብሎ መግባቱም መውጣቱም ከበዳቸው። በመጨረሻ አንድ ሎጅ እንግዳ ሲያመላልስባት ኖሮ የጣላትን የጎልፍ ጋሪ ገዛሁ። ጎኗ ክፍት፣ በባትሪ የምትሄድ፣ ከጀርባዋ ሌላ ወንበር ያላት ትንሽ መኪና ናት። የገጠሩ መንገድ ሆዷን እንዳይፍቀው ከፍ አስደረግኋት፤ ጉድጓድ ላይ እየታጠፈ ንጥረቱን የሚያበርድ ወፍራም ባሌስትራና ትልልቅ ጎማ ገባላት።

መሪጌታ ዞረው ዞረው አይዋት። “ይችማ በቅሎ ናት” አሉና የለስላሳ ሳጥን ረግጠው ጋቢና ወጡ።

ባለቤቴ ዓለም በሩ ላይ ቆማ ቁርጡን ነገረችኝ። “ዛሬ ወገባቸውን ይዘው ከተመለሱ ሁለተኛ ከዚህ ግቢ አይወጡም። ደግሞ ‘ተመስገን’ አሉኝ ብለህ እንዳታምናቸው። ቢሰበሩም ተመስገን ነው የሚሉት።”

አስፋልቱን ስንለቅ

ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ በአዳዲስ ቤቶች መካከል ያልፋል፤ የአሸዋ ክምር፣ መሠረት የወጣለት ማሳ፣ ጣሪያ የሚጠብቅ ግድግዳ። ከዚያ ጫትና ሸንኮራ፣ ከዚያ ቢጫ መሆን የጀመረ ጤፍ ይመጣል። ማሳው ደስ ይላል። መንገዱ ግን ክረምቱን አይሱዙ ያረሰው ጭቃ እንዳለ የደረቀበት ነው።

ጋሪዋ መንጠር ጀመረች። “ተመቸዎት አባባ?”

“ተመስገን ልጄ። ምን እሆናለሁ።”

ዓለም እውነቷን ነበር። እንግዲህ በምን ልወቅ? መሪጌታ መንገድ ሲጀምሩ ጸሎትም ይጀምራሉ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል ነው። ልብ ብዬ ስሰማ፣ ጋሪዋ በዘለለች ቁጥር ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቁርጥ ይላል፤ ትንፋሽ ይስቡና ከቆረጡበት ይቀጥላሉ።

አቁሜ ወረድሁና ጎማዎቹን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አልሁ። ድንጋይ ናቸው። ጎሚስታው ወዳጄ ስለሆነ ፍቅሩን በንፋስ ገልጾልኛል። ከአራቱም አስተነፈስሁላቸው። ከዚያ በኋላ በትንንሹ ጉድባ ላይ ጸሎቱ መቆረጡን ተወ፤ በትልልቁ ግን ያው ነው።

ነጠላቸውን ያጣፉ ሰዎች ወደ ማርያም በእግራቸው ይጓዛሉ። አንዳንዱ እጁን ያነሣል፤ እኔ ግን ‘ጭነት ከበዛ ይብስባቸዋል’ ብዬ ሁሉንም አለፍሁ። መሪጌታ በየጊዜው ወደ ኋላ ዞረው ያያሉ። የዝክር ጠላ በአንድ ገንቦ የያዙ ሦስት ሴቶች ጋ ስንደርስ፣ “አቁም” አሉኝ።

“አባባ፣ ስለ ወገብዎ ብዬ እኮ ነው።”

“ወገቡስ የኔ ነው። ባዶ ወንበር ይዤ የማርያምን ሰው አልፌ፣ ምን ብዬ ደጇ ልቁም?”

ሴቶቹ ገንቦውን በየተራ ተቀባብለው ከኋላ ወጡ። ትልቋ እማማ ስንዱ፣ “ይባርኩን የኔታ፤ ጠፍተውብን አልነበር እንዴ?” አሉ። እኔ አኩርፌ ነዳሁ። ፊት ለፊት ሰፊ ጉድጓድ ሲመጣ ጥርሴን ነከስሁ።

ጋሪዋ ዝቅ አለችና ቀስ ብላ ተነሣች። ጸሎቱ አልተቆረጠም።

ቀጣዩም ጉድጓድ እንዲሁ አለፈ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ወፍራም ባሌስትራ ለሙሉ ጭነት የተሠራ ነው፤ እኔንና አንድ ቀጭን መሪጌታን ብቻ ይዞ ከየት ይታጠፍ? በፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነኝ እላለሁ፤ መድኃኒቱን ግን እጁን ሲያነሣልኝ አልፌው እመጣለሁ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ደጇ ላይ

ከደንገሉ ማዶ ሐይቁ ተንጣሏል። መሪጌታ ሳጥኑን ሳላቀርብላቸው ሊወርዱ ነበር። ያረጁ አንድ ቄስ ጓደኛቸው የመሪጌታን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ትክ ብለው አዩአቸው፤ መሪጌታ አለቀሱ፤ እኔም። ቀኑን በመቋሚያቸው ተደግፈው ዋሉ። የዝክሩን ዳቦ በላን፣ ከእማማ ስንዱ ጠላ ቀመስን።

ወደ ቤት

ስንመለስ ትእዛዝ አልጠበቅሁም፤ ሴቶቹን እኔው ጠራኋቸው። የባሌስትራውን ነገር ጠላ ስንቀምስ አጫውቻቸው ነበርና እማማ ስንዱ፣ “ሰው ፈልገህ ነው ክብደት?” አሉኝ።

“ሁለቱንም።”

“ገንቦው ቢቀልም እኛ በልተናል” ብለው ወጡ። ሰፈራቸው ስንደርስ ላቆም ስል እንቢ አሉ፤ የኔታን ቤታቸው ሳናደርስ አንወርድም አሉኝ። መልሼ ላደርሳቸው ተስማማን። ጸሎቱ አንዴም ሳይቆረጥ አለቀ፤ ከኋላ ሦስቱም “አሜን” አሉ።

ዓለም በሩ ላይ ነበረች። “አባዬ፣ ወገብዎ?”

‘ተመስገን’ን ጠበቅሁ። መሪጌታ ወርደው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

“ጠዋት ክፉኛ አሞኝ ነበር” አሉ። ዓለም አፈጠጠችብኝ። “እነዚህ እናቶች ከተሳፈሩ ወዲህ ግን አላመመኝም።”

አባቷ ‘አሞኛል’ ሲሉ ሰምታ አታውቅም። ስለዚህ ‘አላመመኝም’ ያሉትን አመነቻቸው። እኔም ሰውን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ለወገብም እንደማይበጅ ተምሬ ገባሁ።

ዓለም ወደ እማማ ስንዱ ዞረች።

“ለወሩ ማርያም የት ጋ ቆማችሁ ትጠብቋቸዋላችሁ?”